የድሮ መኪና መሪ ሲሰነጠቅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለተሰነጠቀ መሪ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመው ነበር። ዛሬ አንድ ላይ ልጨርሳቸው። ሁላችሁም ማለት ይቻላል የምትጠይቁኝ «በምን ልሙላው?» ብላችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በሱ እንጀምር።

«መኪናዬ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው። መሪው ክንዶቹ ከክቡ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ተሰንጥቋል። ማንም አልመታውም፣ ምን ነካው? መንዳትስ እችላለሁ?»

መመታት አያስፈልገውም ወንድሜ። የዚያ ዘመን መሪ አጥንቱ ብረት ነው፣ ሥጋው ደግሞ ጠንካራ ጎማ ወይም ፕላስቲክ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት ብዙ እጥፍ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይሰበሰባል፤ ብረቱ አብሮት አይሄድም። በዚያ ላይ ፕላስቲኩን ሲሠሩት ለማለስለሻ የጨመሩበት ኬሚካል በዓመታት ውስጥ ተንኖ ያልቃል፣ ፀሐዩም ያደርቀዋል፣ እና ፕላስቲኩ እያጠረ ብረቱን ጨምድዶ እንደያዘ አንድ ቀን ይለቃል። የሚለቀው ደግሞ በጣም በሚወጠርበት ቦታ፣ ማለትም ክንዱ ከክቡ በሚጋጠምበትና መሀል እንብርቱ አካባቢ ነው።

ሥጋው ብቻ ከሆነ የተሰነጠቀው ትነዳዋለህ፣ እጅህን ይቧጭርህ ይሆናል እንጂ። አጥንቱ ከሆነ ግን አቁም። እንዴት ትለያለህ? መኪናው በቆመበት መሪውን በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ራስህ ሳበው፣ መልሰህ ግፋው፣ ላይና ታች ነቅንቀው። ዓይንህ ስንጥቁ ላይ ይሁን። ስንጥቁ አፉን ከፈት ዘጋ የሚያደርግ ከሆነ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወይም ክቡ ተጣሞ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ገብቷል። ስንጥቁንም በባትሪ አብርተህ እየው። ላይ ላዩን ያለ ዝገት አያስፈራም። ተበልቶ የሳሳ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከእንብርቱ የላላ ብረት ግን በምንም ዓይነት ማጣበቂያ አይድንም። ሌላ መሪ ፈልግ።

«መሪውን ለጥገና ላወጣው መሀሉ ላይ ያለውን ዳዶ ፈታሁት፣ መሪው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ጓደኛዬ ከጀርባው በመዶሻ መታ መታ አድርገው ይለኛል።»

ጓደኛህን ሻይ ጋብዘውና መዶሻውን ደብቅበት። በተለይ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ወይም ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዳንዶቹን ቀጥ አድርገው የያዟቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ካስማዎች ናቸው፤ በመዶሻ ይቆረጣሉ። ከዚያ በፊት የተሠራ ቢሆንም ዱላው የሚያርፈው ኩሽኔታውና የመሪ ካምቢዮው ላይ ነው።

የመሪ መንቀያ ፈልግ። ሁለቱ ቡሎኖች እንብርቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ፣ የመሀሉ ቡሎን ዘንጉን ይገፋል፣ መሪው ቀስ ብሎ ይወጣል። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጣው፣ ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ፤ መሪው ድንገት ሲለቅ ፊትህን እንዳያገኝህ። ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል፣ አለዚያ ክላክሱ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንደቆሙ መሪውና ዘንጉ ላይ ትይዩ ምልክት አድርግ። ስትመልሰው ዳዶውን በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) አጥብቀው። ኤርባግ ያለው መሪ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሳው፣ ለባለሙያ ስጠው።

«ስቱኮ ሞልቼ፣ በካርታ ቬትሮ (በብርጭቆ ወረቀት) አስተካክዬ ቀለም ቀባሁት። ሁለት ወር ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀብኝ። ምኑን አጠፋሁት?»

ሁለት ነገር ነው እህቴ። አንደኛ ስቱኮ የመኪና ቆርቆሮ መሙያ ነው። በስሱ ሲቀባ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ የሚጨበጥና የሚጠመዘዝ ነገር ላይ ግን አይቆይም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ስንጥቁን አልከፈትሽውም መሰለኝ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ላይ የቀባሽው ነገር ውስጥ አይገባም፣ ላዩን ሸፍኖ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ሲንቀሳቀስ እሱም ይከተላል።

ስለዚህ መሪው መጀመሪያ የባሰ ይበላሻል። አዎ፣ በሰጌቶ ምላጭ ስንጥቁን ተከትለሽ ብረቱ እስኪታይ ውረጂ፣ ከዚያ በሞረድ አፉን አስፊው። ከቻልሽ ታችኛውን ጎን ከአፉ ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ የሚሞላው ነገር እዚያ ውስጥ ይቆለፋል። ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍም አትለፊው፣ ከጫፉ አልፈሽ ትንሽ ቁረጪ፤ የቀረች ጭረት ነገ መንገዷን ትቀጥላለች። በዚህ ሰዓት መሪው በጣም ያስጠላል። ብዙ ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው፣ አንቺ ቀጥይ።

ብረቱ ላይ ያለውን ዝገት ጥረጊ፣ አቧራውን አራግፊ፣ ከዚያ ጨርቅ በአልኮል ነክረሽ ጥረጊው። አሴቶንና ቲነር አይነካው። ከዚያ ዘመን መሪዎች ብዙዎቹ ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፣ አሴቶን ያቀልጣቸዋል። መሪው ከመሞላቱ በፊት ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ከፀሐይ እንደወጣ ከሞላሽው ፕላስቲኩ ተለጥጦ ስንጥቁ ጠቧል፣ ሲቀዘቅዝ ሲሰበሰብ አዲሱን ሙሌት ይጎትተዋል።

መሙያው ሁለት ክፍል ያለው የኤፖክሲ ሊጥ ይሁን፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው። ሁለቱን እኩል ቆርጠሽ እሺው፣ ነጭና ጥቁር ጅራቱ ጠፍቶ አንድ ቀለም እስኪሆን። በአውራ ጣት ከታች ጀምረሽ ጠቅጥቂው፣ አየር ከሥሩ እንዳይቀር፣ ከላይም ትንሽ ተርፎ ይቁም። ብዙዎቹ በደንብ ለመጠንከር 24 ሰዓት ይፈልጋሉ፣ ላያቸው ቶሎ ቢደርቅም አትቸኩዪ፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ሰዓት ጠብቂ።

ከዚያ ማለስለሱ አለ። ትርፉን በሞረድ አውርጂ፣ በ80 ቁጥር ካርታ ቬትሮ ቅርፁን ያዢ፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 320። ከጀርባ በኩል ያለው የጣት ጎድጓድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካርታ ቬትሮውን ልክ የሚሆን ቱቦ ላይ ጠቅልለሽ ካልሠራሽው ጎድጓዱ ደልዳላ ሆኖ ይቀራል። ዓይንሽን ጨፍነሽ በጥፍርሽ መገጣጠሚያውን ተሻገሪ። ጥፍርሽ ከተሰናከለ አላለቀም። በመጨረሻ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋውን መሠረት) ንፊበት፣ በዓይን ያላየሻትን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል፤ ሙይ፣ አለስልሺ፣ ድገሚ። ሙሉ ሥራውን ማስክ አድርገሽ፣ ካርታ ቬትሮውንም እያረጠብሽ ሥሪ። አንዳንድ የድሮ ባኬላይት (ጠንካራ የድሮ ፕላስቲክ) ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ስላለ መሪሽ ባኬላይት ከሆነ ደረቁን አትፈግፍጊው።

«በሱፐር ግሉ አይሆንም?»

አይሆንም። ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ክፍተትም አይሞላም። ሲሊኮን ለምትሉም እንደዚያው፤ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለም እንቢ ይላል።

«ጥገናውን ጨርሻለሁ፣ ዕድሜዬም ገፍቷልና ነገር ማወሳሰብ አልፈልግም። ተራ ስፕሬይ ብነፋበት ምን ይለኛል?»

ለጊዜው ያምራል አባባ። ችግሩ መሪ እንደ በር አይደለም፣ ላብ፣ ቅባትና ሎሽን ሁልጊዜ ይነካዋል። ተራው ስፕሬይ ይለሰልስና እጅዎ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። የሚበረክተው ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለም ነው። ነገር ግን ይህን ቀለም ራስዎ አይንፉት። ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፣ የአቧራ ማስክ አያስጥልም። እርስዎ እስከ ፕራይመሩ ይሥሩት፣ የመጨረሻውን ለቀለም ቀቢ ይስጡት። ሲመለስልዎትም ቶሎ አይጨብጡት፣ በደንብ እስኪጠነክር ጥቂት ቀን ይታገሱ።

«የኔ መሪ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ነው። ኤፖክሲው እንዳይታይ ምን ላድርግ?»

ምንም ማድረግ አትችልም፣ ይታያል። ያለህ ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ሞልተህ ድፍን ቀለም ትቀባዋለህ፣ ያ ውስጡን የሚያሳይ ውበት ግን ሄደ ማለት ነው፤ ወይ አጥንቱን አስቀርተው ፕላስቲኩን እንደ አዲስ ለሚያፈሱ ባለሙያዎች ትልከዋለህ፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነና ብረቱ ጤነኛ ከሆነ እኔ ብሆን አልነካውም። የ70 ዓመት መሪ 70 ዓመት ቢመስል ነውር የለበትም።

«ስንጥቁን በቆዳ ብሸፍነውስ?»

አጥንቱን ካየህ በኋላ፣ ጥብቅ ተደርጎ የሚሰፋ ቆዳ ከሆነ፣ ይሁን። ሳታይ ከሸፈንከው ግን ቆዳው ላብ ይዞ ብረቱን ያዝገዋል፣ ስንጥቁ ሲብስም አታየውም። ዝም ብሎ የሚጠለቀውን ሽፋን ግን እርሳው። መታጠፊያ ላይ እጅህ ውስጥ ከዞረ መሪውን አልያዝከውም ማለት ነው።

«የኔ የእንጨት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ከብረቱ ተላቋል።»

እንጨቱ ካልበሰበሰ ቀላል ነው። የላላውን በስሱ ከፈት አድርገህ የድሮውን ሙጫ ጠርገህ አውጣ፣ ፈሳሽ ኤፖክሲ አስገባ፣ በሞርሳ ያዘው። ሞርሳው እንጨቱን እንዳያቆስለው ጨርቅ ወይም ላስቲክ ጣልበት፣ የተረፈውን ኤፖክሲም ሳይደርቅ ጥረገው። በመጨረሻ ከፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ በስሱ ደጋግመህ ቀባው። በአንዴ ወፍራም ከቀባኸው ይወርድና እንደገና መፈግፈግ ይመጣል።