ችግኙ ብቻውን ጉማራን አያድነውም

«ጣና የሚገባውን የጉማራ ወንዝ ዳርቻ በችግኝ ብንሸፍነው ወንዙ ያገግማል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ ችግኙ ይረዳል፤ የሚቀድመው ሥራ ግን ሌላ ነው። ፎገራን አልፎ ጣና የሚገባው ደለል የሚነሣው ከላይ፣ ከጉና ተራራ በኩል ካለው የታረሰ ተዳፋት ነው። እዚያ እርከን ሳይሠራና ቦረቦሩ ከከብት ሳይከለል ታች የተተከለውን ደለል ይውጠዋል።

በፍሎሪዳ የኪሲሚ ወንዝ ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀጥ ያለ ቦይ ተደረገ። ረግረጉ ደረቀ፣ የውኃ ወፎቹ ተመናመኑ። ኋላ የቦዩን ከፊል መልሰው ሞሉት፤ ግንባታው ያለቀው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ጉማራንም በክትር ማጥበብ ሲታሰብ እባክዎ አጥብቀው ይሟገቱ!

አሸዋ የሚዛቅበትንም ቦታ ይዩ። አንዳንድ የጣና ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ ከተዛቀ ወይም ጭቃ ከሸፈነው ዛፍ አይተካውም።

ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳር አይትከሉ። በወንዙ አፍ የቀረ ደንገል ካለ ደግሞ አይነካ፤ ደለሉን የሚያጣራው፣ ታንኳም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ደንገል አጫጁንና አሸዋ አውጪውን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ያስገቧቸው።