ደብዳቤሽ ውስጥ ያለውን ወደ ዘፈኑ አምጪው

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። ክራር በመጠኑ እጫወታለሁ፤ የሌሎችን ዘፈን ያለ ችግር እዘፍናለሁ። የራሴን ለመሥራት ስነሣ ግን ግጥሙና ዜማው አይስማሙልኝም። አሁን የያዝኩት ታላቅ እህቴ ለሥራ ወደ ጅዳ ስለ መሄዷ ነው። «ስትሄጂ ልቤ ተሰበረ፣ ናፍቆትሽ ከበደኝ» ብዬ ጀምሬዋለሁ፤ በትዝታ ሳንጎራጉረው ይሰባበርብኛል። በሄደችበት ዕለት ጠዋት ነጠላዬን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታልኝ ነበር። ሸኝቻት ስመለስ ደርቆ አገኘሁት፤ ዘፈን ልሥራ ብዬ ያሰብኩትም ያን ጊዜ ነው። ለመሆኑ ግጥም ይቀድማል ወይስ ዜማ? ኖታ ሳላውቅስ ይሆናል? ለሰው ባሰማው እንዳይወሰድብኝም እፈራለሁ፤ እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሚሰባበረው ስንኝ እንጀምር። ጮክ ብለሽ አንብቢውና ቀለሙን ቁጠሪ። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ «ናፍቆትሽ» ሲጻፍ 5 ፊደል ቢሆንም ሲዘፈን ናፍ፣ ቆ፣ ትሽ ተብሎ በ3 ቀለም ያልቃል። በዚህ ስሌት የስንኝሽ የመጀመሪያው ሐረግ 9 ቀለም፣ ሁለተኛው 6 ነው። ክራሩ በእርጋታ እየሄደ ድምፅሽ መሮጥ ያለበት ለዚህ ነው። «ስትሄጂ» የምትለዋን ብቻ አውጫት፤ «ልቤ ተሰበረ፣ ናፍቆትሽ ከበደኝ» ይሆናል። 6 በ6፤ የወል ቤት የሚባለው ይህ ነው። ሙሾውም፣ ፉከራውም፣ የፍቅር ግጥሙም ሲደረደርበት የኖረ ልክ ስለሆነ ጆሮሽ ሳትማሪው ያውቀዋል። ፈጠን ያለ ነገር ስትፈልጊ ደግሞ 5 በ5 የሚሄደውን ሰንጎ መገን ሞክሪ።

ልኩ ተስተካከለ ማለት ግን ዘፈን ሆነ ማለት አይደለም። ልብ የተሰበረበት ዘፈን ስንት ሰምተሻል? በዚያ ስንኝ ውስጥ እህትሽ የለችም፤ ደሴም የለችም፤ ማንም ስለ ማንም ሊዘፍነው ይችላል። ነጠላውን ግን ለእኔ በደብዳቤ ጻፍሽልኝና ከግጥሙ አስቀረሽው። እኔ ደብዳቤውን ሳነብ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። ልትሄድ ሰዓታት ሲቀሯት የታናሽ እህቷን ነጠላ የምታጥብ ሴት፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የፍቅር ቃል ትፈልጊያለሽ? ያንኑ ያልሽውን ቆጥሬ ልመልስልሽ፦

ያጠብሽው ነጠላ ገመድ ላይ ደረቀ፣
የሄድሽበት መንገድ በየቀኑ ራቀ።

የመጀመሪያው ስንኝ የራስሽ ነው። ሁለተኛው፣ ቤት እንዲመታ ብዬ እኔ የጨመርኩት ስለሆነ ጣዪውና የራስሽን ፈልጊ። ስለ እርሷ የምታውቂውን ሁሉ ግጥም ለማድረግ ሳትሞክሪ እንዲሁ በተራ ወግ ጻፊው፦ ምን ይዛ ሄደች፣ አውቶቡስ ተራ ምን አለችሽ፣ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ስለ ማን ነው? ቤት መምታቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለቤት መምቻ ብቻ ተብሎ የገባ ቃል አንድ ሙሉ አንጓ ያበላሻል፤ በዚህ እኔ ምሕረት የለኝም።

ግጥም ወይስ ዜማ ይቅደም ላልሽው፣ በሁለቱም መንገድ የሚሠሩ አሉ። ለአንቺ ግን ዜማው ቢቀድም እመርጣለሁ፤ ክራር አለሽና። ቃል ሳታስገቢ አንጎራጉሪ፣ በስልክሽ ቅጂው፣ በማግሥቱ ስሚው። ሳታዳምጪው ከአፍሽ የሚመጣው ክፍል አዝማች ይሁን። አዝማቹ ቃሉ ትንሽ፣ ለተቀባይ የሚቀል ይሁን። ድምፅሽ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ዋናውን ቃል አሳርፊ፤ «ነጠላ» እዚያ ይግባ እንጂ «ነው» ወይም «ነበር» አይግባ። ጠብቀውና ላልተው የሚነገሩትንም ቃላት ለዪ። «አለ» ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር ነው፤ ዜማው የሚጠብቀውን ቃል ጎትቶ ካላላው ሰሚው ሌላ ነገር ይሰማል።

የትዝታን ቅኝት መምረጥሽ ለናፍቆት የተለመደ ስለሆነ ይመስለኛል። ያንኑ ስንኝ በአምባሰል ደግሞ ሞክሪው። አምባሰልም ባቲም ስማቸውን የያዙት ከአንቺው ከወሎ ነው፤ ክራሩን ቃኝተሽ ለመሞከር ማንንም አትጠይቂም። አንቺሆዬን ለጊዜው ተዪው፤ ለጀማሪ ድምፅ ከባድ ነው። ቅኝቱ ሲለወጥ ያው ቃል ሌላ ስሜት ይይዛል፤ የትኛው የእህትሽ እንደሆነ ከጆሮሽ በቀር የሚነግርሽ የለም።

ኖታ አያስፈልግሽም። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል» የሚለው እንግዳ ኖታ አይቶ አያውቅም፤ የሰጠው ስንኝ ግን ማሲንቆው ላይ ልክ ይሆናል። ወደ ፊት ከቅንብር ባለሙያ ጋር ስትሠሪ ብትማሪው ይጠቅምሻል።

ስለ መወሰዱ፦ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነን፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳን ሥራ ምዝገባ ሳይጠይቅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል። ነገር ግን ሥራው የተጻፈ ወይም የተቀረጸ መሆን አለበት፤ በአእምሮ ያለ ሐሳብ አይጠበቅም። ስለዚህ ግጥሙን ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪ፣ ስልክሽ ላይ የቀዳሽውንም አታጥፊ። ከዚያ ለሚያዳምጥሽ ሰው ሁሉ አሰሚው፤ ከሁሉ በፊት ግን ለእህትሽ።