ያገለገለ ባትሪ ለቤት ሶላር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ (እርሳስና አሲድ ያለበት) አገኘሁ። ስለካው 12.6 ያሳያል። ጥሩ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቮልቴጁ የሚነግርህ ባትሪው መሙላቱን እንጂ ምን ያህል እንደሚይዝ አይደለም። ያለቀለት ባትሪም 12.6 ሊያሳይ ይችላል፤ አምፖል ስታበራበት ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል። እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ጢም አድርገህ ሙላው። ከቻርጀሩ ነቅለህ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው። ከዚያ ስንት አምፔር እንደሚስብ የምታውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ 5 አምፔር የሚስብ አምፖል፣ አገናኝና ሰዓት ያዝ። 10.5 ቮልት ሲደርስ አቁም፣ ወዲያውም መልሰህ ሙላው፤ ባዶውን ካሳደርከው ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርና የሚይዘውን ይቀንሰዋል። 8 ሰዓት ከሠራ 5 ሲባዛ በ8፣ የሚይዘው 40 አምፔር ሰዓት ነው። ላዩ ላይ 100 ተጽፎ 40 ብቻ ከሰጠ እኔ ብሆን አልወስደውም። አዎ፣ ቀኑን ይፈጃል፤ ግን እንደሱ እውነቱን የሚያወጣ የለም። ያለ ፊውዝ ግን እንዳትሞክረው።

ጥያቄ፦ የመኪና ባትሪስ ይሆናል?

መልስ፦ ያበራል፣ ግን አይዘልቅም። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ሳህኖቹ ስስ ስለሆኑ በየማታው ሲሟጠጥ ቶሎ ይሞታል።

አንድ አባል፦ እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ሌላ አባል፦ ምን ታበራበታለህ?

የመጀመሪያው፦ ሁለት ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር።

ሌላው፦ እሱማ ምኑን ተነካ! እኔ ቴሌቪዥን ጨምሬበት ስድስት ወር አልቆየም።

ሦስተኛ አባል፦ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው) ነው የጨረሰብህ። ምንም ሳይሰካበት እንኳ ይስባል።

መልስ፦ የኢንቨርተሩን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከላይ ከላዩ ብቻ ከተጠቀምክ የመኪና ባትሪም ይቆያል፤ የሚገድለው ማሟጠጥ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ከአዲስ ጋር ላገናኘው?

መልስ፦ አይሆንም። ደካማው አዲሱንም ይዞት ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ከላፕቶፕ የወጡ የሊቲየም ሴሎችስ?

መልስ፦ ሊቲየም የኔ መስክ አይደለም። ያለ ቢኤምኤስ (የየሴሉን ቮልት የሚቆጣጠር ሰርኪት) አትንካቸው፤ አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት ካለፈ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የቀረውን የሚያውቅ ይመልስ።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት አምፔር ሰዓት ነው? ምን ታበራበታለህ? ፓኔሉስ ስንት ዋት ነው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ የባትሪዬ ውሃ ጎድሏል። እናት ነኝ፣ ልጆች አሉ፣ አሲድ ልጨምርበት?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አሲድ አትጨምሪ። የሚጎድለው ውሃው ነው። ለባትሪ የሚሆን የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ፣ እሱንም ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ከሞላ በኋላ። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አውጪው፣ አየር ያግኝ።

ጥያቄ፦ 12.7 የሚያሳይ ባትሪ ልገዛ ነው። ልውሰደው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አላነበብክም። ባትሪ በቮልት አይገዛም! ጭነት ስጠው፣ ሰዓት ያዝ።

ጥያቄ፦ ፊውዙ የት ይግባ?

መልስ፦ ጎሽ፣ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ። በፖዘቲቭ ሽቦው ላይ፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቅርብ። የፊውዙ አምፔር ሽቦው ከሚችለው አይብለጥ። ያረጀ ባትሪም ሾርት ሲያደርግ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል፣ ሽቦው ግሎ ይቀጣጠላል። ስትገጥም ደግሞ ኮንትሮለሩን (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረውን) መጀመሪያ ከባትሪው፣ ከዚያ ከፓኔሉ ጋር አገናኝ።