በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የማቆያ ቦነሱን ይመልሳል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን መካኒክ ነበርኩ። ወደ ሌላ ፋብሪካ እንዳልሄድ 60,000 ብር ቦነስ ሰጥተውኝ 24 ወር ልሠራ ፈረምኩ። 15 ወር እንደሠራሁ ትእዛዝ ቀንሷል ተብሎ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር ተቀነስኩ። አሁን ሙሉውን 60,000 መልስ፣ አለዚያ ከስንብት ክፍያህ እንቆርጣለን ይሉኛል። ክሊራንስ ሳወጣ የሰጡኝን ወረቀት ፈርሜ ወጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ገንዘቡ በደንብ ነግረውኛል። ወረቀቱን ግን በአንድ መስመር አለፉት፤ የእኔ ዓይን ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ምን ይላል? አንብበውታል? ቅጂው እጅዎ ላይ አለ?

ተቀናሾች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይሄ ነው። ፋብሪካው ራሱ ቀንሶ ሳለ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ “ለፎርማሊቲ ነው፣ ክፍያህ ቶሎ እንዲወጣ” ብሎ ያስፈርማል። ወረቀቱ ኋላ ሲታይ “በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ” ወይም “በስምምነት ተለያይተናል፣ የምጠይቀው የለኝም” ይላል። የቦነስ ውሉ ደግሞ “ሠራተኛው በፈቃዱ ከለቀቀ ይመልሳል” የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ተቀናሹ ሰውዬ ለቃቂ ሆኖ ቁጭ ይላል። ችሎት ፊት “ሳላነብ ነው የፈረምኩት” ማለት ብዙም አያዋጣም። አይቆጡኝና፣ ስልክ ሲገዙ ካርቶኑን አገላብጠው አይተው ነው፤ ለዚህስ ምነው ቸኮሉ?

ቢፈርሙም ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 25፣ በስምምነት ሲለያዩ ሠራተኛው ሕግ የሰጠውን መብት ቢተው ውጤት የለውም ይላል። ይህ ግን የሚረዳዎት ለስንብት ክፍያና ለመሰሉት ነው። ቦነሱ የውል ጉዳይ ስለሆነ በእሱ ብቻ አይተማመኑ፤ መቀነስዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይሰብስቡ። የቅነሳ ደብዳቤ፣ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የተቀናሾች ስም ዝርዝር ፎቶ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተደረገው የምክክር ቃለ ጉባኤ፣ አብረው የወጡ ባልደረቦች፤ ያገኙትን ሁሉ።

ስለ ቦነስ ውሉ የምለው አጭር ነው። ውሉ የሚያስመልሰው በፈቃድ ሲለቁ ወይም በጥፋት ሲሰናበቱ ብቻ ከሆነ፣ ቅነሳ እዚያ ውስጥ አይገባም ብለው ይከራከራሉ። “በማንኛውም ምክንያት” ካለ ይከብዳል። ያኔም ቢሆን 15 ወር አገልግለዋልና የቀረው 9 ወር ብቻ ነው፤ በዚያ ስሌት 22,500 ብር ይሆናል። ግብር ተቆርጦ እጅዎ የገባው ስንት እንደነበርም ይፈትሹ። ውሉን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልደፍርም።

ከደመወዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና የአሠሪው ውል)፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። የፈረሙት ወረቀት ይህን ስምምነት ይዞ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ደግሞም በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ ከመደበኛው ስንብት ክፍያ ሌላ የአማካይ ቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይጨመርለታል፤ “ለቅቄአለሁ” ካሉ ይህም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከወጡ ስንት ወር እንደሆነም አልጻፉልኝም። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ ከሶ ማስከፈል አይቻልም። ስለዚህ የወረቀቱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የቦነስ ውሉንና የደመወዝ ማስረጃዎን ይያዙና በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያ “በየወሩ እከፍላለሁ” የሚል ነገር እንዳይፈርሙ።