ያ ሰው አንተ ነህ

ልጆቼ፣

በዳኝነት ወንበር 31 ዓመት ተቀምጬ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ሕግ አጥንታችሁ ልትሾሙ ነው፤ ሌሎቻችሁ መምህር፣ ሐኪም፣ የሰው አለቃ ትሆናላችሁ። ማናችሁም በሰው ላይ መፍረዳችሁ አይቀርምና በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ስላለው ችሎት ላጫውታችሁ።

ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዷል፤ ባልየውንም የሞቱን ትእዛዝ የያዘ ደብዳቤ በገዛ እጁ አስይዞ ወደ ጦር ሜዳ ሰዶታል። ነቢዩ ናታን ሲመጣ በቀጥታ አልከሰሰውም። የአንድ ድሀ ብቸኛ በግ በባለጠጋ ተነጥቃ ለእንግዳ መታረዷን ነገረው። ዳዊት ነደደው፤ ሞት ይገባዋል አለ፤ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይመልስ ብሎ ፈረደ። በሙያዬ ዓይን ሳየው ካሳው እንከን የለውም፤ በኦሪት ዘጸአት 22 ተሰርቆ ለታረደ በግ የተወሰነው አራት በግ ነው። ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል። ያላወቀው ተከሳሹን ነው። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ ዳዊት «በድያለሁ» ብሎ መለሰ።

እግዚአብሔርስ እንዴት ይፈርዳል? በሰዶም ላይ ከመፍረዱ በፊት ወርጄ አያለሁ አለ። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ጩኸቱን ሊያጣራ ወረደ! አዳምንም ከመቅጣቱ በፊት የት ነህ ብሎ ጠየቀው፤ ቃሉንም ተቀበለው።

እኔ አልወረድኩም። ገና ወጣት ዳኛ ሳለሁ የመሬት ክርክር የነበራቸው አንዲት እናት ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። መዝገቡን ዘግቼዋለሁ። ምን እንዳዘገያቸው ሳልጠይቅ፣ ሰው በሞላበት ችሎት፣ ስለ ቀጠሮ ማክበር ድምፄን ከፍ አድርጌ ገሠጽኳቸው። እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝና፣ «ጌታዬ፣ ባለፈው ቀጠሮ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀንዎታል» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ደግሞም እውነት ነበር። አቤቱታ አጽፈው መዝገቡ በማግስቱ ተከፈተላቸው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋቸውም፤ ጠበቆቹ ያዩኝ ነበርና።

ከዳዊት በፊት የነገሠው ሳኦልም እንደ ዳዊት «በድያለሁ» ብሏል። ቃሉ አንድ ነው። ሳኦል ግን አስከትሎ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት አክብረኝ ብሎ ነቢዩ ሳሙኤልን ለመነ። ዳዊት ምንም አልጨመረበትም። ያን ቀን ያስታውሰናል የምንለውን መዝሙር 50 ዛሬም እንጸልየዋለን።

ይቅር ተባለ ማለት ግን ፍርዱ ተነሣለት ማለት አይደለም። ከኦርዮ ሚስት የተወለደለት ሕፃን ሞተ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ ላስረዳችሁም አልሞክርም። ሰይፍ ከቤቱ አልራቀም፤ የገዛ ልጁ አቤሴሎም አሳደደው። ሲሸሽ ብራቂም ላይ ሳሚ የተባለ ሰው ድንጋይ እየወረወረ ረገመው። ከዳዊት ሰዎች አንዱ አቢሳ ልሂድና አንገቱን ልቁረጠው ቢል ዳዊት ተዉት፣ ይርገመኝ አለ። ልብ በሉ፤ ሳሚ ያነሣበት ደም የሳኦልን ቤት ደም ነው። በዚያ ዳዊት መከራከሪያ ነበረው፤ ሳኦልን በእጁ አግኝቶ ሁለት ጊዜ ምሮታል። አልተከራከረም። የኦርዮን ደም እያሰበ ይመስለኛል።

እኚያን እናት ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ በችሎት አገኘኋቸው። ሦስቱንም ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ እችል ነበር።