አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጉዞ፦ ስለ ደቡብ ምዕራብ ቻይና የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንጓዘው ዘጠኝ ሆነን ነው። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እናቴ 74 ዓመታቸው ሲሆን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ አይችሉም። እኔና ባለቤቴ፣ እህቴና ባሏ አለን፤ ልጆቹ ደግሞ የ4፣ የ7 እና የ13 ዓመት ናቸው። ያለን ጊዜ 14 ቀን ነው። ቼንግዱ፣ ጂውጃይጎ፣ ቾንግቺንግ፣ ኩንሚንግ፣ ዳሊ፣ ሊጂያንግና ሻንግሪላን ለማየት አስበናል። አባቴ ዕቅዱን አይተው «ይህ ዕረፍት ነው ወይስ ዘመቻ?» አሉን። በዝቷል እንዴ?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። ሰባት ቦታ በ14 ቀን ማለት ስድስት ጊዜ ሻንጣ መሸከፍ ማለት ነው። ዘጠኝ ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ባቡሩ ሁለት ሰዓት ብቻ ቢፈጅ እንኳ ቀኑ አልቋል በሉት። ጠዋት ዕቃ ይሸከፋል፣ ክፍል ይለቀቃል፣ ጣቢያ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደረሳል፣ ፍተሻ አለ። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ፍለጋ፣ በመጨረሻም አዲሱ ሆቴል ክፍል እስኪያዘጋጅ እንግዳ መቀበያው ላይ ተደርድሮ መጠበቅ። የ4 ዓመቱ ልጅ የሚያለቅሰው፣ የእናትዎ ጉልበት የሚያብጠው በዚህ ቀን ነው። ስለዚህ ዕቅዱን የምታወጡት በሚታዩት ቦታዎች ብዛት ሳይሆን በእናትዎ እርምጃ ልክ ይሁን።

እኛ ብንሆን 13ቱን ሌሊት እንዲህ እንከፍላቸዋለን፦ ቼንግዱ 4፣ ኩንሚንግ 1፣ ዳሊ 5፣ ሊጂያንግ 2፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ቼንግዱ ተመልሶ 1 ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ቼንግዱ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ፣ ኩንሚንግ 1,900፣ ዳሊ 2,000፣ ሊጂያንግ 2,400 ነው። ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል። ከቼንግዱ ኩንሚንግ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ከኩንሚንግ ዳሊ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከዳሊ ሊጂያንግም በባቡር ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። የመመለሻ ትኬታችሁን ስትቆርጡ ከየትኛው የቼንግዱ አውሮፕላን ማረፊያ እንደምትነሱ አረጋግጡ። ሹዋንግሊውና ቲያንፉ የሚባሉ ሁለት አሉ፣ ተራርቀውም ይገኛሉ። የመጨረሻዋን ሌሊት የምታድሩት ትኬታችሁ ላይ በተጻፈው አጠገብ ይሁን።

አሁን ከዕቅዱ የሚወጡትን እንንገራችሁ። ቾንግቺንግ ገደል ላይ የተገነባ ከተማ ነው፣ ደረጃው አያልቅም፤ ለእናትዎ አይሆንም። ጂውጃይጎ ውበቱ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ሸለቆው ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከባቡር ጣቢያው በኋላም ገና የመኪና መንገድ ይቀራል። ሦስት ቀን ሙሉ ካልተሰጠው ድካም ብቻ ነው። ሻንግሪላ ከተማው ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከሊጂያንግ ባቡር ስለሚሄድ ብዙ ሰው «ለአንድ ቀን ደርሰን እንምጣ» ይላል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ያወጣችኋል፣ ሰውነት ግን በዚያ ፍጥነት አይለምድም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ የሚኖር ሰው ለሊጂያንግ ከፍታ ከወዲሁ የተዘጋጀ ነው። አባትዎ ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከተማ የሚመጡ ከሆነ ግን ከሐኪማቸው ጋር ሳይመክሩ ከሊጂያንግ በላይ አይውጡ። ትንሹ ልጅም ራስ ምታቱን በቃል አይነግራችሁም። ምግብ እንቢ ካለ፣ ከነጫነጨ፣ ካስመለሰው ከፍታው ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩና ወዲያው ወደ ታች ውረዱ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየቦታው ምን እንሥራ? ሽማግሌዎቹን ሆቴል ትተን መውጣት አንፈልግም።

መልስ፦ ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። ጠዋት አንድ ነገር ብቻ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ አመሻሽ ላይ ሽርሽር።

ቼንግዱ ላይ ፓንዳዎቹን የምታዩት በማለዳ ነው። የምርምር ማዕከሉ ከጠዋቱ 1፡30 ይከፈታል፤ ፓንዳ የሚበላውና የሚጫወተው በዚያ ሰዓት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ቤት ይገባሉ ወይም ተጋድመው ይተኛሉ፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ቤተሰብ የሚያየው የተኛ ጀርባ ነው። ትኬቱ በፓስፖርት ቁጥር አስቀድሞ የሚያዝ ነው። ግቢው ሰፊና ዳገታማ ስለሆነ የውስጡን ማመላለሻ መኪና ትኬት አብራችሁ ግዙ። ሌላ ቀን ወደ ሕዝብ መናፈሻው ሂዱ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ክዳን ባለው ስኒ ሻይ ታዝዛላችሁ፤ ቅጠሉ እዚያው ይቆያል፣ ሙቅ ውኃ ብቻ እየተጨመረ የፈለጋችሁትን ያህል መቀመጥ ይቻላል። አያቶች የቀርከሃ ወንበር ላይ ሲያወጉ ልጆቹ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ብዙ ወጪ ሳይወጣ ሦስቱም ትውልድ የሚደሰትበት እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ ብዙ አይገኝም።

ከቼንግዱ ለሙሉ ቀን ጉዞ የሌሻን ከተማን እንመርጣለን። እ.ኤ.አ. በ713 ተጀምሮ በ803 የተጠናቀቀው፣ ከገደሉ ተፈልፍሎ የወጣው ቡድሃ 71 ሜትር ቁመት አለው። አብዛኛው ሰው ከራሱ ወደ እግሩ በጠባብ ደረጃ ይወርዳል፤ በተጨናነቀ ቀን ሰልፉ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሐል ላይ መቀመጫ የለም። እናንተ ግን ጀልባ ውሰዱ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ፊት ለፊቱ ይቆማል፤ መላ ቁመቱ በአንድ ጊዜ የሚታየውም ከወንዙ ላይ ብቻ ነው። ደረጃ የወረዱት ጎረምሶች እንኳ እንደዚያ አያዩትም።

ዳሊ ላይ አምስት ሌሊት የሰጠነው ምንም የማታደርጉበት ቀን እንዲተርፋችሁ ነው። በኤርሃይ ሐይቅ ዙሪያ 129 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ፤ በምዕራቡ ዳርቻ መኪና የማይገባበት ሰፊ ክፍል ስላለው የልጅ ጋሪም ተሽከርካሪ ወንበርም ያለ ችግር ይሄድበታል። የ13 ዓመቱ ልጅ ከአባቱ ጋር ብስክሌት ይንዳ፣ አያቶች ከዛፍ ሥር ይቀመጡ። ሺጆ የምትባለው መንደር በማለዳ ገበያዋና ከከሰል እሳት በሚወጣ ቂጣዋ ደስ ትላለች፤ አጠገቧ ጆቸንግ ላይ ልጆቹ ጨርቅ በክር አሥረው በሰማያዊ ቀለም መንከር ይማራሉ።

ሊጂያንግ ላይ አንድ ስህተት ብቻ ተጠንቀቁ። የድሮው ከተማ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ መኪናም አይገባም። እምብርቱ ላይ ያለ ሆቴል የያዘ ቤተሰብ ሻንጣውን በድንጋይ ላይ ሲጎትት፣ እናቱም በዚያው ድንጋይ ላይ ሲንገዳገዱ ያመሻል። መግቢያው አጠገብ፣ መኪና በሩ ድረስ የሚደርስበትን ያዙ፤ ወይም አጠገቡ ያለችውን ጸጥ ያለች የድሮ ከተማ፣ ሹሄን፣ ምረጡ። ከከተማው አጠገብ ላለው በረዷማ ተራራ (ጄድ ድራጎን) ሦስት የተለያዩ ኬብል ካሮች አሉ፤ ሁለቱን እንንገራችሁ። ትልቁ እስከ 4,506 ሜትር ያወጣል፤ ይህ ለአባትዎም ለትንሹ ልጅም አይሆንም። ዩንሻንፒንግ የሚባለው 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያቆማል፤ በጥድ ደን መሐል የእንጨት መተላለፊያ ያለበት ሜዳ ነው፣ ተራራው ከፊት ለፊት ይታያል።

ሆቴል ስትይዙ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሊፍት አለ? ምድር ቤት ክፍል ይገኛል? በብርዱ ወራት ከሆነ ማሞቂያስ? የዩናን (ኩንሚንግ፣ ዳሊና ሊጂያንግ ያሉበት ክፍለ ሀገር) የእንግዳ ማረፊያዎች ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ፎቅ የድሮ ቤቶች ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም፤ በደቡብ ቻይና ማዕከላዊ የቤት ማሞቂያ የተለመደ አይደለም፣ የዳሊ የጃንዋሪ ሌሊት ደግሞ ያንዘፈዝፋል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጉት በጁላይና በኦገስት ነው። ጊዜው ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን ምርጡ አይደለም። በዩናን የዝናቡ ወራት ነው፤ በቼንግዱ ደግሞ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ አረጋውያንን ያደክማል፤ የቻይና ተማሪዎችም ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ቦታው ሁሉ ይጨናነቃል። ከተቻለ አፕሪል አጋማሽ ወይም ከኦክቶበር 10 በኋላ ሂዱ። ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ያለውን ሳምንት፣ የሜይ መጀመሪያ ቀናትንና የቻይናን አዲስ ዓመት ግን በፍጹም አትንኩ፤ የባቡር ትኬት ይጠፋል፣ የሆቴል ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በባቡር ለልጆች ትኬት ይቆረጣል? ብዙ ዕቃ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳል፣ ወንበር ግን የለውም፤ ሁለት ሰዓት አቅፎ መቀመጥ ካልፈለጋችሁ የልጅ ትኬት ቁረጡለት። ከ6 እስከ 14 ያልሞላው ግማሽ ዋጋ ይከፍላል፤ የ13 ዓመቱም በዚህ ይገባል። ሽያጩ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ይከፈታል። በነፃ የሚሄደው ትንሹም ልጅ ሳይቀር ሁሉም በፓስፖርቱ ይመዘገባል። ስሙን በፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደልና ቅደም ተከተል ጻፉ፤ የአያት ስም ተዘልሎ የተያዘ ትኬት በር ላይ ያስቆማል። ሁለተኛ ማዕረግ በአንድ ረድፍ አምስት ወንበር ስላለው ዘጠኛችሁም በሁለት ረድፍ ትጠቃለላላችሁ።

ለአዋቂ 20 ኪሎ፣ ለልጅ 10 ኪሎ ይፈቀዳል። ትልልቅ ሻንጣ የሚቀመጠው በፉርጎው ጫፍ ነውና ቶሎ ይሞላል። የፍራፍሬ ቢላ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። መካከለኛ ጣቢያ ላይ የምትወርዱ ከሆነ ባቡሩ የሚቆመው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹን አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ወደ በሩ አቅርቧቸው። በአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ከጁን 28፣ 2025 ወዲህ የቻይና «3ሲ» የደኅንነት ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ አይፈቀድም፤ ከቤት ያመጣችሁት ቼንግዱ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መኪና ተከራይተን ራሳችን ብንነዳስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ ቻይና ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ አትቀበልም። ሹፌር ያለው መኪና ያዙ። «ባለ ሰባት ወንበር» ሲባል ግን ሰባት ሰው ከነሻንጣው ማለት አይደለም፤ ሻንጣ ካለ አምስት ሰው ነው የሚይዘው። ለዘጠኝ ሰው ሁለት እንዲያ ያለ ወይም አንድ ሚኒባስ ጠይቁ። የሕፃን የመኪና ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ገንዘብና ስልክ ባጭሩ ንገሩን።

መልስ፦ አሊፔይ ወይም ዊቻት የሚባሉትን የስልክ መክፈያ መተግበሪያዎች ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑ፣ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርዳችሁን አያይዙ፣ በፓስፖርት አስመዝግቡ። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ግዢ የአገልግሎት ክፍያ የለም፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆረጣል። ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይኑራቸው፤ አንዱ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ዘጠኝ ሰው ምሳ ቤት በር ላይ እንዳይቆም። ጎግል፣ ዋትሳፕና ፌስቡክ በቻይና ኔትወርክ አይሠሩም፤ ከአገር በያዛችሁት ሲም በሮሚንግ ግን ብዙውን ጊዜ ይሠራሉ። በአያቶቹ ኪስ ጥቂት ዩዋን፣ የሆቴሉን ካርድ በቻይንኛ አድራሻ እና ሶፍት አስቀምጡ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ አብዛኛው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ሶፍትም ላይኖር ይችላል። ጉልበት ለሚያማቸው እናትዎ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበትን ክፍል ፈልጉ፤ መቀመጫ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እናታችን ጾም አይፈቱም፤ ልጆቹ ደግሞ በርበሬ አይችሉም። ምን ይበላሉ?

መልስ፦ ለጾም የቡድሂስት ገዳማት ምግብ ቤቶች መልካም ናቸው። ቼንግዱ ውስጥ ዌንሹ ገዳም አንድ አለው። ሥጋ የለም፤ ጥብቅ በሆኑት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም። ወተትና እንቁላል ግን አንዳንዴ ስለሚገባ ጠይቁ። «ዎ ቺ ሱ» ማለት «ሥጋ አልበላም» ነው። ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ግን ይህ ቃል አይበቃም፤ አትክልቱ በአሳማ ጮማ ሊጠበስ፣ ቶፉው ላይ የተፈጨ ሥጋ ሊነሰነስ ይችላል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የአሳማ ጮማና የሥጋ መረቅ እንደማትፈልጉ በቻይንኛ አስጽፋችሁ ስልክ ላይ ያዙ። ሙስሊም ቤተሰቦች «ቺንግጀን» (ሐላል) የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ በኩንሚንግና በዳሊ ይገኛል።

ቼንግዱ ባለበት በሲቹዋን ክፍለ ሀገር የሚያስቸግረው በርበሬው ብቻ አይደለም። ምላስንና ከንፈርን የሚያደነዝዝ ቅመም አለ፣ ልጆችን ያስደነግጣል። በጋራ የሚበላው ድስት ለሁለት የተከፈለ አለ፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ መረቅ፤ ያንን እዘዙ። ዩናን ላይ በእንፋሎት ብቻ የሚበስለው የሸክላ ድስት ዶሮ ለአባትዎ ሆድ ተስማሚ ነው።

ልጆች ላይ ዓይናችሁን የማትነቅሉበት የኩንሚንግ «ድልድይ ተሻጋሪ» ኑድል ነው። ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን መረቅ ይመጣል፤ ላዩን የሸፈነው ዘይት እንፋሎቱን ስለሚያፍን የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ግን ጥሬ ሥጋ የሚያበስል ትኩስ ነው። ሳህኑን ከልጆች እጅ አርቃችሁ መጀመሪያ ስስ ጥሬውን ሥጋና እንቁላሉን ጨምሩ፣ ቀጥሎ አትክልቱን፣ መጨረሻ የሩዝ ኑድሉን። ለልጁ በትንሽ ሳህን ቅዱለት።

በዝናቡ ወራት ከሄዳችሁ የዩናን የዱር እንጉዳይ በየቤቱ ይቀርባል። አንዳንዱ በደንብ ካልበሰለ ይመርዛል፣ የሌለ ነገርም ያሳያል። ጥሩ ምግብ ቤት ድስቱን ጥዶ ሰዓት ይሞላል፣ ሰዓቱ ሳይደውል ማንኪያ እንዳትነክሩ ያዝዛል፤ ታዘዙ። ጥሬ እንጉዳይ የነካ ማንሻና ሹካ መረቁ ውስጥ አይግባ፣ ለትንንሾቹ ልጆች ግን ጭራሽ አትስጧቸው።