ቦይለሩን ልቀይረው ወይስ ላሠራው?

ሰላም ወንድሜ። «80 ሊትሩ ቦይለር ከሥሩ ያንጠባጥባል፣ ባለሙያው ሙሉውን ቀይረው አለኝ፣ ምን ያህል ያስወጣኛል?» ነው ያልከው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ያለ ሙቅ ውኃ መታጠብ ወኔ ይጠይቃል፣ ጭንቀትህ ይገባኛል።

ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ግን ውኃው ከየት እንደሚወጣ እይ። በሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ውኃ በሚያስወጣው መክፈቻ) በኩል፣ ያውም ሲሞቅ ብቻ ከሆነ፣ ምንም አልሆነም። 80 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። ሰው ተቸግሮ ቫልቩን ይደፍነዋል፤ እባክህ እንዳታደርገው፣ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ከኤለመንቱ (ውኃውን ከሚያሞቀው ብረት) ዙሪያ ከሆነ ጎሚኒው፣ ማለትም ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ፣ አልቋል ማለት ነው። እሱ ቀላል ነው። የውስጡ ታንከር ዝጎ ከተበሳ ግን ብየዳ አያዋጣህም፣ ባለሙያው ልክ ነው።

መቀየሩ ካልቀረ ወጪውን ለያይቶ ይጻፍልህ፦ ዕቃው፣ አዲስ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ቱቦ፣ የእጅ ዋጋ። ባሕር ዳርም አስጠይቅ፣ የጭነቱን ደምረህ አወዳድር። የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ግን አትሰስት። ለ2 ኪሎዋት ቦይለር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ለብቻው 16 አምፔር ብሬከር፣ ደህና የኧርዝ መስመር ያስፈልጋል።

ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ 80 ሊትር ለምን? 50 ይበቃችኋል። ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 80ው 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ 50ው 2.6 ገደማ። የት ጋ እንደሚያንጠባጥብ ፎቶ አንስተህ ብትለጥፍ አይተን እንነግርሃለን።